የከርከሮ ወገብና የጉድጓዱ በር

አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ረግረግ በላይ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አያ ከርከሮ ከሚስቱ ከእመት ከርከሮና ከግልገሎቻቸው ጋር ይኖር ነበር። ቤታቸው ጉድጓድ ነው። የከርከሮ አገባብ ደግሞ እንደ ሌላው አውሬ አይደለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ግልገሎቹ ይገባሉ፤ ቀጥላ እናት ትገባለች፤ አባት መጨረሻ ነው። እሱም ፊቱን ወደ ውጭ እንዳደረገ የኋሊት ነው የሚገባው። እንዲህ የሚያደርገው ክራንቻው በሩ ላይ እንዲሆን ነው። ጅብ ቢመጣ የሚጠብቀው ሁለት የተሳለ ክራንቻ እንጂ የግልገል ሥጋ አይደለም። እግዜር ሁሉንም ፍጡር ሲፈጥር ቤቱን የሚጠብቅበት ነገር ሰጥቶታል፤ ለከርከሮ የሰጠው ይኼንን ነው።

በዚያ ዓመት ታዲያ ከመንደሩ ዳር አንዲት ጠላ ጠማቂ ቤት ሠርታ ገባች። አተላዋን በየቀኑ ከአጥሯ ውጭ ትደፋዋለች። አያ ከርከሮ በዚያ ሲያልፍ ቀመሰው። ጣመው። በማግስቱ ተመለሰ። አተላ መቆፈር አይፈልግ፣ ማኘክ አይፈልግ፤ አፍን ከፍቶ መሰልቀጥ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ግልገሎቹም ተከትለውት እየሄዱ ይልሱ ጀመር። ክረምቱ ሳያልቅ የአያ ከርከሮ ጎን እንደ ጎተራ ተነፋ። እሱ ግን አላወቀውም። የገዛ ጎኑን ዞሮ የሚያይ ከርከሮ የለም።

ያወቀው አንድ ምሽት በሩ ላይ ነው።

«ምነው፣ ግባ እንጂ» አለችው ሚስቱ ከውስጥ።

«እየገባሁ ነው።»

«ኧረ ቆመህ ነው የምታቃስተው።»

«በሩ ጠቧል።»

«በሩማ የትናንቱ በር ነው።»

ከወደ ቁጥቋጦው ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ የጅብም ሽታ መጣ። ያን ጊዜ አያ ከርከሮ ነገሩ ገባው። ወገቡ በሩ ላይ ተወትፏል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ገላውን ማዞር ስላልቻለ ክራንቻው ከእንጨት አይሻልም። እሱ እዚህ ከሞተ ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ መውጫ የላቸውም።

«ሳቡኝ!» ብሎ ጮኸ።

እናትና ልጆች ጅራቱን በጥርሳቸው ይዘው ጎተቱት። «ቀስ! ጅራቴን!» እያለ፣ የጎኑ ቆዳ እየተላጠ፣ በመከራ ገባ። አያ ጅቦ በሩ ላይ ሲደርስ ክራንቻው ቦታውን ይዞ ነበር። ጅቡም ቁጭ ብሎ አዘነለት።

«እንደምን አመሸህ ወንድሜ። ስትቸገር አይቼ አንጀቴን በላኸው። ጥፍሬ ጥሩ ነው፤ በሩን ላስፋልህ?»

«ምን ያህል ታሰፋዋለህ?»

«እኔን እስኪያስገባኝ።»

«አንተን?»

«አንተን! አንተን ማለቴ ነው። ልክህ ከልኬ ብዙም አይርቅ፣ በራሴ እለካዋለሁ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዳለ ይቆይ» አለው ከርከሮ።

ሲነጋ እመት ቀበሮ መጣች። ቀበሮ ያለ ጉዳይ የማንንም ቤት አትሳለምም። ግን አነጋገሯ ማር ነው።

«አያ ከርከሮ፣ የሌሊቱን ሰማሁ። የእርስዎን ያህል አባወራ በር ላይ ተወትፎ ይደር? እኔ መላ አለኝ። እሬት ይብሉ።»

«እሬት? ያ መራራው?»

«ስለመረረ ነዋ መድኃኒት የሆነው። ጠዋት እሬት፣ ማታ እሬት፣ በመሐሉ ምንም። ከቤተሰብም ይለዩ፤ ልጆች ሲበሉ ማየት ያጓጓል። ያ ጉብታ ላይ ብቻዎን ይዋሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ወገብዎ የእኔን ወገብ እስኪያህል።»

አያ ከርከሮ የቀበሮን ወገብ አየና ቀናበት። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ጾም ይዣለሁ» አላት።

«የምን ጾም?»

«ቀበሮ ያዘዘችልኝ።»

«የሚጾምማ ጾሙን የሚፈታው ከቤተሰቡ ጋር ነው። አንተ ይኼን ከማን ጋር ልትፈታው ነው? ከቀበሮ ጋር?»

እሱ ግን ወደ ጉብታው ወጣ።

እሬቱ ምላሱን አቃጠለው፤ ሆዱን አጣደፈው። እውነት ነው፣ ከሳ። ቆዳው እንደ አሮጌ ስልቻ ተንጠለጠለ። ማታ ማታ በበሩ እንደ እንሽላሊት ሾልኮ ይገባል። ግን ገብቶ ሲያበቃ አገጩን መሬት ላይ ጥሎ ያንቀላፋል። እመት ከርከሮ በትከሻው ላይ አሻግራ እያየች፣ በሩን እሷ ስትጠብቅ ታድር ጀመር። ቀበሮዋ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ጎኑን ታሸተውና «ደግ ነው፣ ደግ ነው። ገና ትንሽ ይቀረዎታል» ብላ ትሄዳለች።

አንድ ቀን የመጨረሻዋ ግልገል፣ ድምቡሼ የሚሏት፣ የእንግጫ ሥር በአፏ ይዛ ጉብታው ላይ ወጣች።

«አባዬ፣ እንካ። ላንተ ብዬ ነው የቆፈርኩት።»

የሥሩ ሽታ አናቱ ላይ ወጣ። «ዞር በይ ከፊቴ!» ብሎ በአፍንጫው ገፈተራት። ድምቡሼ እየተንከባለለች ወረደች። ታች ስትደርስ ተነሣች፣ አቧራዋን አራገፈች፣ ሳታለቅስ ወደ እናቷ ሄደች። ሥሩ እዚያው ቀረ።

አያ ከርከሮ ሥሩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ በላው። አንዴ ከቀመሰ በኋላ ደግሞ የሚያቆመው አልተገኘም። ቁልቁል እየሮጠ ወደ ጠላ ጠማቂዋ አጥር ወረደ። አተላው ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ሰለቀጠ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። የከሳው ሁሉ ተመልሶ መጣበት፤ ወፍራም ከነበረበት ጊዜ ይበልጥ ወፈረ። አንድ ምሽትም እንደገና በሩ ላይ ተወተፈ። ያን ምሽት ጅቡ ሩቅ ስለነበር ነው እንጂ፣ ይኼ ተረት እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጎትተው ሲያስገቡት ከግልገሎቹ የአንዱ ጥርስ ጅራቱ ላይ ቀረ።

ሲነጋ እመት ከርከሮ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አሁን ስማኝ።»

«ሰማሁ።»

«አልሰማህም፤ ገና አልተናገርኩም። ብቻህን ወፈርክ። ብቻህን ከሳህ። ደግሞ ብቻህን ወፈርክ። እኛ እዚህ ጅራት ስንጎትት ከረምን።»

አያ ከርከሮ መሬት መሬቱን አየ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አብረኸን ብላ።»

«ይኼ ነው መድኃኒቱ?»

«መድኃኒት የሚል ቃል መቼ ወጣኝ? ምግብ ነው ያልኩህ። እስቲ ንገረኝ፣ ዕድሜ ልክህን እሬት ትበላለህ?»

«ኧረ አልችልም።»

«እንግጫስ?»

«እንግጫማ አባቴም ሲበላ ነው የኖረው።»

«እንግዲያው ዕድሜ ልክህን የምትችለውን ብላ። ላንተ ሌላ፣ ለልጆቹ ሌላ የሚባል ነገር አይኖርም። እነሱንም ደግሞ አየት አድርጋቸው። ሆዳቸው ቅል መስሏል። ነገ ልጅ ወልደው በር ሲጠብቁ እነሱን ማን ሊጎትት ነው?»

ይኼኛው ቃል ከእሬቱ ይልቅ መረረው። ስለ ራሱ ጎን ብዙ አስቦ ነበር፤ ስለ ልጆቹ ሆድ ግን አስቦ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ረግረጉ ይወርዱ ጀመር። በጠላ ጠማቂዋ በኩል አቋራጭ ነበረ፤ እመት ከርከሮ ግን በዙሪያው ባለው መንገድ መራቻቸው። ከርከሮ ሥር ቆፍሮ ሲበላ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል። ተንበርክኮ፣ ምድር ምሶ፣ አንድ ሥር ያወጣል፤ ያኝካል፤ ሌላውን ይፈልጋል። እንዲህ የሚበላ ምግብ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆድም «በቃኝ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ሲጠግቡ ይነሣሉ። ፀሐይ ስትበረታ ረግረጉ ዳር ባለ ሾላ ሥር ያርፋሉ፤ የወደቀ ፍሬ ካለም ይቃመሳሉ። ማንም አይራብም፤ ማንም አያብጥም።

ሁሉም ነገር ቀና ነበር ማለት ግን አይደለም። ግልገሎቹ መጀመሪያ ላይ «አተላ! አተላ!» እያሉ አስቸገሩ። አያ ከርከሮ ራሱ በየማለዳው «ቀጠንኩ?» እያለ ሚስቱን ይጠይቃታል።

«እንጃልህ» ትለዋለች።

«ትንሽም?»

«ነግሬሃለሁ እኮ፣ እንጃ። ቆፍር።»

አንድ ቀን ደግሞ ተደብቆ አጥሩ ጋ ሄዶ አተላውን ጠግቦ መጣ። እመት ከርከሮ አፉን አሸተተችው። አሁን ትጮኻለች ብሎ ጆሮውን ጣለ። እሷ ግን «ጠዋት ረግረግ ነው፤ ቶሎ ተኛ» አለችና ዞረች። እሱም ጠዋት ከልጆቹ ጋር ወረደ። የቀበሮን ጾም በያዘ ጊዜ አንዴ ሲሳሳት ሁሉን ነገር ጥሎ ነበር። አሁን ግን የሚጥለው ነገር አልነበረውም፤ ቁርሱ ከልጆቹ ጋር እዚያው ይጠብቀዋል።

እመት ቀበሮ ነገሩ አላማራትም። ረግረጉ ዳር መጥታ ቆመች።

«አያ ከርከሮ፣ እየበሉ ነው እንዴ የሚከሱት? ይኼስ ተሰምቶም አያውቅ።»

«እኔም ሰምቼ አላውቅም እመት ቀበሮ። ሚስቴ ናት የነገረችኝ።»

«እሬቱን ይመለሱበት እንጂ! ፈጣኑ እሱ ነው።»

«ፈጣን ነው» አለ ከርከሮ እያኘከ። «ሲሄድም ፈጥኖ፣ ሲመጣም ፈጥኖ።»

ቀበሮዋ ጅራቷን ቆልምማ ሄደች። የሄደችው ደግሞ በቀጥታ ወደ ጅቡ ነው፤ ከርከሮ እንደገና መብላት መጀመሩንም ነገረችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ግልገሎቹ ተራ በተራ ገቡ። እናት ገባች። አያ ከርከሮ ዞሮ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣ። ቀበሮም ድርሻዋን ለመቀበል ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ጅቡ አፉን ከፍቶ ነው የመጣው፤ የሚያገኘው በር ላይ የተወተፈ ሥጋ ነዋ።

አያ ከርከሮ ትንፋሹን ሳብ አደረገና ወደ ኋላ ረገጠ። ጎኖቹ የበሩን አፈር ዳሰሱት፤ አልያዙትም። ገባ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። አያ ጅቦ የመጣበት ፍጥነት አላቆም ስላለው ራሱን በሩ ውስጥ ከተተ። ከርከሮም ረሃብ ባላደከመው አንገቱ ሽቅብ መታው። ክራንቻው የጅቡን አፍንጫ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው።

«ወይኔ! ወይኔ አፍንጫዬ!» እያለ አያ ጅቦ የኋሊት ወደቀ። ከዚያ ወደ ቀበሮዋ ዞሮ ጮኸ። «አንቺ! በእሬት አዳክምልሃለሁ አላልሽኝም? ስንት አጥንት በላሽብኝ!»

«ዝም በል አንተ ሞኝ፣ ይሰሙሃል!»

«ይስሙ! ወይ ከስቶ ይደክማል፣ ወይ ወፍሮ ይወተፋል፣ በሁለቱም እንበላዋለን አላልሽም?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ይኼ የቱ ነው?»

ጅቡ አፍንጫው እየደማ ሲነሣባት ቀበሮዋም እግሬ አውጪኝ አለች። እየተባረሩ፣ እየተሰዳደቡ ወደ ገደሉ ወረዱ።

ጉድጓዱ ውስጥ አያ ከርከሮ ክራንቻው በሩ ላይ እንዳለ፣ ጅራቱን ከኋላው ማንም ሳይዝለት ቆሟል።

«ተመስገን» አለ።

«ተመስገን» አለች ሚስቱ።

ድምቡሼ በእናቷ እግር መሐል ሾልካ መጣችና አፍንጫዋን ከአባቷ ጎን ላይ አሳረፈች። እሱም ሳይገፋት፣ እንዳይረግጣት እግሩን ቀስ ብሎ አነሣላት።

«አባዬ፣ ነገም እንግጫ ነው?»

«እንግጫ ሰለቸሽ?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው አጋሙ በስሏል ይባላል። ሁላችንም ወደዚያ እንወጣለን።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሰውነቱን ማቅለል የሚሻ ሰው ከቤቱ ተለይቶ በማይዘልቀው ረሃብ ራሱን ከሚቀጣ ይልቅ፣ ከልጆቹና ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድ ማዕድ ዕድሜ ልኩን ሊበላው የሚችለውን ምግብ በልኩ ቢበላ ለራሱም ለቤቱም እንደሚበጀው ነው።