የዝግባ ራስ ፈር

ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ያገሬውን ሥራ ሲያበላሽ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ስንናገራት አጭር ናት፤ ያስወጣችውን ላብ ግን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። የተወለደችው ከአንድ ተራራ አናት ላይ ነው ይባላል።

ዝግባ ራስ የሚሉት ተራራ እስከ ትከሻው ጫካ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ሠርዶ የወረሳት አንዲት ጠፍ መሬት አለች። አያ ጓንጉል ይህችን መሬት ለልጃቸው ለየሻረግና ከቆላ ለመጣው ባሏ ለደረበ ሰጧቸው። የአገሩ ደንብ ግን ጥብቅ ነበር። የተሰጠ ጠፍ መሬት እስከ ግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ በሦስት ሽማግሌ ፊት አንድ ፈር ካልወጣበት ለሰጪው ይመለሳል። ደረበ ደግሞ የራሱን በሬዎች ካላመጣሁ ብሎ ቆላ ወርዶ ሲመለስ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

መሬቱ ከታጣ ሚስቱን ይዞ ወደ ቆላ መውረዱ ነው። የየሻረግ ታላቅ እህት እዚያው ተድራ፣ ዓመት ሳትደፍን የወባ ንዳድ ቀጥፏታል። ለየሻረግ ያ ፈር የነፍሷ ጉዳይ ነበር።

«የኔን ጥማድ ውሰድ፤ የቦታውን ጠባይ ያውቁታል» አሉት አያ ጓንጉል።

ደረበ ሁለቱን ደቃቃ በሬዎች አየና ሳቁ አመለጠው። «አባቴ፣ ይቅርታዎን፤ እነዚህማ ገና ጥጃ ናቸው። የኔዎቹ በሬዎች፣ ዳልቻና ቦራ፣ መረሬ አፈር የሚሰነጥቁ ናቸው!»

አማቱ አልደገሙለትም። እሳቸውም ቢሆኑ በኩራት ከማን አንሰው!

በማግስቱ ማለዳ ደረበ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን ነዳ፤ የሻረግ ከኋላ ተከተለች። እኩል መንገድ ላይ ሁለት ቋጥኞች ፊት ለፊት ተፋጠው መተላለፊያውን ያጠቡታል። የዳልቻ ቀንድ አላሳልፍ አለ። ደረበ ገፋ፣ አዞረ፣ ለመነ። በሬው ወደ ኋላ ሸሸ።

«እንመለስና የአባዬን በሬዎች እንውሰድ» አለች የሻረግ።

«በጫካው እንወጣለን! ሽቅብ ለመውጣት መንገድ ምን ያደርጋል?»

«ጫካው ያሳስታል፣ ደረበ።»

እሱ ግን ቁጥቋጦውን እየጣሰ ገብቶ ነበር።

ጉሙ ወረደባቸው። ሜዳ የለመደ ሰኮና በረጠበ የዛፍ ሥር ላይ መቆም አቃተው፤ ቦራ ደጋግሞ ተንሸራተተ። የሻረግ ፈራች። ከገደሉ ይልቅ ያስፈራት ፀሐይዋን ማየት አለመቻሏ ነው፤ ምን ያህል ሰዓት እንደቀራቸው አታውቅም። ደረበ ግን «ደረስን፣ ይኸው ደረስን» ይላል፣ ላቡን እየጠረገ።

በመጨረሻ አንድ አናት ላይ ወጡ። ጉሙ ተገፈፈ። እውነተኛው ጫፍ ከጥልቅ ሸለቆ ማዶ ነበር፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ይታያሉ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

«በሸለቆው አቋርጣለሁ» አለ ደረበ። ድምፁ ግን የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም።

የሻረግ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ቁልቁል ሮጠች። እሾህ ቧጠጣት፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ አባቷ ደጅ ስትደርስ ትንፋሽ አልነበራትም።

«እሱ ነው የላከሽ?» አሉ አያ ጓንጉል።

«አልላከኝም፣ አባዬ።»

እሾህ የቧጠጠውን እጇን አዩ። ከዚያ ተነሥተው የበረቱን መዝጊያ ከፈቱላት።

ሁለቱ ደቃቆች ቋጥኞቹ ዘንድ ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተራ በተራ ሾለኩ። የሻረግ እያለቀሰች ነዳቻቸው። ፀሐይዋ በዛፎቹ መካከል ትከተላታለች፤ ባየቻት ቁጥር ዝቅ ብላለች።

ጫፉ ላይ ስትደርስ ቦራ ሰኮናው ተሰንጥቆ ተኝቷል፤ ዳልቻ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ማረሻው ሠርዶውን ከመጫር አላለፈም። ደረበ ሞፈሩን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። የአማቱን በሬዎች ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ሴት ሞፈር መጨበጥ ነውር ባይሆን አንተን አልለምንም ነበር» አለችው የሻረግ። «እህቴን የበላት አገር አልወርድም። ወይ ጥመድ፣ ወይ ብቻህን ውረድ!»

ሽማግሌዎቹ አጎነበሱ። ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ አርፋለች። ደረበ የተኛውን ቦራን አየ። ከዚያ ተነሣና ቀንበሩን በትናንሾቹ ጫንቃ ላይ ጫነ።

በሬዎቹ አልተጣደፉም። እግራቸውን ተክለው፣ ጎንበስ ብለው ሳቡ። ሠርዶው ከሥሩ እየተተረተረ ተገለበጠ፤ ፈሩ ከጥግ እስከ ጥግ ወጣ። ፀሐይዋ ያኔ ገባች። የሻረግ እመሬት ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አያ ሽበሺ ከተገለበጠው ጓል አንዱን አነሡ፣ የተንዠረገገውን ሥር አገላብጠው አዩና ወደ ደረበ ዞር አሉ፤ «አይክፋህ ልጄ፤ ያንተም በሬዎች ለአገራቸው ጎበዞች ናቸው፤ የአገሩን ሠርዶ ግን በአገሩ በሬ!»