የብርቄ ዜማ

«አንድ ክራር መቺ ነበረ» አሉ መምህሩ። ምክር የጠየቃቸው የአንድ ባንድ ወጣት መሪ ነው፤ «አንዱን ስልት ምረጡ፣ እየቀላቀላችሁ የትም አትደርሱ» የሚሉት በዝተውበት መጥቷል።

ክራር መቺው ጎጃሜ ነው፤ ሚስቱ የወላይታ ልጅ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሰርግ ላይ ይጫወታል። በዚያ ከተማ የሰርግ ደንቡ በተራ ነበር፤ መጀመሪያ የሙሽራው ወገን ዘፈን፣ ቀጥሎ የሙሽሪት። እስክስታ የሚወርደው ሲነሳ ወገቡን የሚያወዛውዘው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ፤ ክራሩን ማን እንደመታው የሚያስታውስ የለም።

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ነበር። ሕፃን ልጁ ብርቄ በእሱ ዜማ ብቻ አትተኛም፤ በእናቷ እሹሩሩ ብቻም አትተኛም። እናቷ በአገሯ ምት ስታዜም፣ እሱ በትዝታ ቅኝት ከሥር ሲከተላት ነው ዓይኗ የሚከደነው። ያንን ዜማ ከሦስቱ በቀር የሰማው አልነበረም።

ብርቄ ታመመች፤ ሞተች። ክራሩ ግድግዳ ላይ ከረመ።

ጥር ሲገባ ጓደኞቹ ጎትተው ሰርግ ወሰዱት። ሙሽራው ጎጃሜ፣ ሙሽሪት ወላይታ። የሙሽሪት ተራ ሲደርስ ጣቱ ሳያዘው ሄዶ የልጁን ዜማ ያዘ። ሊያቋርጠው ፈለገ። ቢያቋርጠው ዳግመኛ የሚቀብራት መሰለው።

ከበሮ መቺው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ የማንን ነው የምትጫወተው?»

«የልጄን። ዝም ብለህ ግባ።»

ከበሮው ፈጠን ብሎ ገባ። የሙሽሪት አክስት ተነሱ። ከወዲያ ማዶ የሙሽራው አጎትም ብድግ አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ! ተራው የእኛ፣ ምቱም የእኛ!»

«ዜማውስ የማን ነው?» አሉ አጎትየው።

አክስትየው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና ሳቁ። «እንግዲያው ይምጡ፣ አይገተሩብኝ!»

ትከሻና ወገብ ተጋጨ። የተቀመጠ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ እሱ በሚጫወትበት ሰርግ ሁሉ ያልተጠራ ሰው አጥር ሥር ይቆማል፤ እነዚያ አጎትና አክስት ከፊት። ዜማው ስም ስላልነበረው የልጁን ስም ሰጠው። ሰውም እየጮኸ «ብርቄን አምጣልን!» ይለዋል። እሱም ያመጣታል።

መምህሩ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «የእናንተም ነገር ይኸው ነው፣ ልጄ። የራሱን ዘፈን ብቻ የሰማ ሰው አመስግኖ ይሄዳል። የሁለት ቤት ልጅ የሆነች ዜማ ግን ዘመዱ ናት፤ ሊያያት ይመለሳል። የምትቀላቅሉት ሰው ለማስደነቅ ከሆነ ተዉት። ከሁለቱም የተወለደች ከሆነች ግን፣ ምረጡ የሚሏችሁን ‹ከልጅ ግማሿን የሚወድ ዘመድ የት አያችሁ?› በሏቸው።»