አሜን ያለው አማች

ኑ፣ ጠጋ በሉ! እዚያ በር ላይ የተገተራችሁትም ግቡ፤ ብርድ አታስገቡብን። ቴሌቪዥኑን ዝጉት፤ ጎሉ ያለ እናንተም ይገባል። አንተ ደግሞ ቆሎህን ወይ ዋጠው ወይ አስቀምጠው፤ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ እኮ! ዝም በሉ ብያለሁ። ማስነጠስ ያማረው ውጪ ወጥቶ ያስነጥስ።

ኤፍራታ ጥያቄ ጠይቃኛለች። ይቺ ፋርማሲስቷ የእህቴ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ተምራ፣ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴ የወደቅሁትን እኔን ጠየቀችኝ። ዩኒቨርሲቲው ዕውቀት አልቆበታል ማለት ነው።

ወላይታ ከተመደበች አራት ወሯ ነው። ያገሩን ቋንቋ ልማር ብላ ከሥራ ስትመለስ በኮምፒውተሯ መሣሪያ ትሠራለች። ካርድ እያወጣ የሚያስጠና፣ የሚጠይቅ፣ የሚያርም ነገር ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፤ የተፈጥሮው እኛ ቤት ስላልበረከተ መሰለኝ። ታዲያ ምን አለችኝ፦ «አጎቴ፣ መድኃኒት ሊወስዱ መስኮቱ ጋ የሚመጡትን ሰዎች ቋንቋቸውን እያበላሸሁ ከማናግራቸው፣ መሣሪያዬ ይለቅና በደንብ አጥንቼ ብጀምር አይሻልም?» እስከዚያው በጣቷ ነው የምታወራው። አንድ ጣት ጠዋት፣ አንድ ጣት ማታ።

እሺ። ሳቃችሁን እዚሁ ጨርሱ። ከዚህ ወዲያ ያለው አያስቅም።

አንድ ሰው ነበረ።

ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይቺን ያዙልኝ። ሚስቱ የሲዳማ ልጅ ነች። አባቷ ሲሞት እናቷ ብቻዋን ቀረችባትና አምጥታ ቤቷ አስቀመጠቻት። አማቲቱ ከሲዳምኛ በቀር ሌላ አታውቅም። በሰፈሩ ደግሞ ከልጇ በቀር ሲዳምኛ የሚያውቅ የለም። ልጇ ጠዋት ሥራ ስትሄድ አፏ ይዘጋል፤ ማታ ስትመለስ ይከፈታል። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

ሰውየውን አሳዘነችው። በመጣች በሳምንቷ «እንዴት አደሩ» የሚለውን ከሚስቱ አጠናና ጠዋት ፊቷ ቆሞ አላት። አሮጊቷ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳቀች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ ብሏት ነው እኮ። እሱ ግን ጥርሷን እንጂ ደስታዋን አላየም። አፈረ። «ሁለተኛ በደንብ ሳላውቅ እሷ ፊት አፌን አልከፍትም» ብሎ ማለ።

መሣሪያውን መሥራት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ከሥራ ሲመለስ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። አማቱ ፊት ለፊቱ ከሰል ማንደጃው ጋ ተቀምጣ እግሯን ታሞቃለች፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሱ ለማሽኑ አንድ ቃል ይሰጠዋል። ማሽኑ ካርድ ያወጣለታል፤ በአንዱ ፊት ሥዕል፣ በሌላው ፊት ቃሉ፣ ከሥሩ ምሳሌ። ከዚያ ይጠይቀዋል። የሳተውን ቶሎ መልሶ ያመጣበታል። ያወቀውን እያራቀ፣ እያራቀ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ያመጣዋል። ድምፅ ሲያስፈልገው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ የሲዳምኛ ስብከት እየቆረጠ ያስገባል። የሲዳምኛ ድምፅ ፍለጋ! ድምፁ እኮ ከማንደጃው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ነበር።

ሚስቱ ታየዋለች። «አንተ፣ እናቴን አንድ ነገር በላት እስቲ። ወጡ ጨው በዛው ወይ ብለህ ጠይቃት፤ ሌላው ይቅር።»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ሺህ ቃል ልሙላ።»

ሺህ ሞላ። ረጃጅሙ ንግግር ይቀረኛል አለ። እሱም አለቀ። ቀለሙ ዓይን ይወጋል፣ ላስተካክለው አለ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ አይተው አጨበጨቡለት፤ አንዱማ «ይኼ ነገር ለአገር ይተርፋል» አለው። ማሽኑ ራሱ አንድ ቀን «ዘጠና ቀን ሳያቋርጡ አጥንተዋል፣ ጎበዝ!» አለው። እንግዲህ ቁጠሩት። አማቱ ዘጠና ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስላት ፊቱ ተቀምጣለች ማለት ነው።

ከዚያ ሚስቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄደች፤ ለአንድ ሳምንት። በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰውየው እንደ ልማዱ ካርዱ ላይ ነው። አማቱ ከክፍሏ ወጣች። እግሯን በሻርፕ ጠቅልላዋለች፤ ለብርዱ መሰለው። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጎተተች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ መዳፏ ወደ ላይ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ማውራት ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ።

ሰውየው ደነገጠ። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲናገር በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምርቃት ነው። ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል፣ አንገቱን ይደፋል፣ አሜን ይላል። እሱም ተነስቶ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮውን ቀሰረ። ንግግሯ እንደ ካርድ አንድ በአንድ አይመጣም፤ ተያይዞ ይፈሳል። ግን እዚህም እዚያም የሚያውቃት ቃል ብቅ ትላለች። «እግዚአብሔር» ስትል ሰማ። «ልጄ» ስትል ሰማ። «ቤት» ስትል ሰማ። ከስብከቱ የቆረጣቸው ቃላት ናቸዋ፣ እንዴት ይጠፉታል!

ትንፋሽ ስትወስድ «አሜን» ይላል። እንደገና ትናገራለች፤ «አሜን» ይላል። ያ ሁሉ ልፋት በከንቱ አልቀረም። «አሜን፣ አሜን።»

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። ቆይታ አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና ክፍሏ ገባች።

ሚስቱ ስትደውል ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሳትም። «እናትሽ መረቀችኝ! ገባኝ እኮ! እግዚአብሔር ብላለች፣ ልጄ ብላለች፣ ቤታችሁን ብላለች።» ሚስቱ እዚያው አለቀሰች። «እሰይ፣ እሰይ፤ ዛሬ ገና ቤት ያላት መሰለኝ» አለች። ያን ቀንም ከዚያ ወዲያም እናቴን አቅርብልኝ ስትለው «ተኝታለች፣ አትረብሻት» ይላታል።

አሮጊቷ ከክፍሏ መውጣት ተወች። አማች አማቱ መኝታ ክፍል መግባቱ ነውር ነው ብሎ ምግቡን በሩ ላይ እያስቀመጠ ይሄዳል። ሳይነካ ሲመለስለት ጸሎት ይዛ ይሆናል አለ። የመረቀች ሴት ምን ትሆናለች ብሎ ይጠርጥር?

ሚስቱ መጣች። የክፍሉን በር ስትከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሳት። ሻርፑን ፈታችው። ለካ አሮጊቷ ስኳር በሽታ አለባት፤ ማንም አላወቀም፣ እሷም አላወቀች። እግሯ ደንዝዞ ሙቀት አይሰማውም። ማንደጃው አቃጥሏት ዝም ብላ ትሞቅ ነበር። ጣቶቿ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱም ወደ ላይ ወጥቷል።

«እማ! ምነው ሳትናገሪ?» ብላ ልጇ ጮኸች።

«ተናገርኩ እንጂ! ለባልሽ ነገርኩት። ‹አማች ፊት እግሬን መግለጥ ያሳፍረኛል፤ እግሬ ግን ተቃጥሎ እየሸተተ ነው፤ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ሐኪም ጋ ውሰደኝ፤ ሰው ቤት አልሙት› ብዬ ለመንኩት። ‹አሜን› አለኝ። ደግሜ ለመንኩት። ‹አሜን› አለኝ። ለእግዚአብሔር ስጪው ማለቱ ነው ብዬ ተቀበልኩ።»

ሚስቱ ይኼን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችው። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። አላለቀሰም። አሮጊቷን አዘለና ወጣ።

ሐኪሙ «በአራት ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ጣቶቿን ብቻ ነበር» አለ። ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

እሷ ቀዶ ጥገና ክፍል እያለች ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ማሽኑን የጫነበት ስልኩ ነዘረ። የዕለቱ ካርድ ደርሷል። ሳያስበው ከፈተው። የእግር ሥዕል ነው። ከወር በፊት በትክክል ስለመለሰው ማሽኑ አርቆት የነበረ ካርድ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አልለየውም። አሁንም መለሰው። አረንጓዴ በራና «ጎበዝ!» አለው። ያኔ ነው ያለቀሰው።

እንግዲህ ኤፍራታ፣ አታቀርቅሪ፣ ወደ እኔ እይ። ሰውየው አንቺ ነሽ። አማቱ መስኮቱ ጋ የምትመጣው ሴት ነች። መሣሪያሽን እሳት ውስጥ ጨምሪው አላልኩሽም፤ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ሥሪው፣ ያገልግልሽ። ግን ሰውየው ከዚያ ሁሉ ሺህ ካርድ ውስጥ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የሚል አንድ ካርድ አልነበረውም። ማሽን ፊት ምን ያደርግለታል? ማሽን ሁልጊዜ ይገባዋል። እሱን ካርድ የምትፈልጊው ሰው ፊት ስትቆሚ ነው፤ ሰው ፊት ደግሞ አልቆመም። አንቺም ሴትየዋ ሕመሟን ስታወራሽ አንገትሽን እየነቀነቅሽ «እሺ፣ እሺ» ትያለሽ አይደል? አትዋሺ፣ እናትሽ ነግራኛለች። ያ እሺ አሜን ነው። የሰውየው አሜን። ነገ ወላይታ ተመለሽና አበላሽተሽ ተናገሪ፣ ያርሙሽ፤ ከዚያ ካርድሽን ከእነሱ አፍ ላይ ሥሪ።

ምን አልሽ? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ሁሉም ይስማ። «ቢስቁብኝስ?» ነው ያልሽው?

ሰውየውም እንዲሁ ብሏታል። በነቃች ማግስት አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ፣ በዚያ በተሰባበረ ሲዳምኛው፣ «እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው ያላናገርኩዎት» አላት። አሮጊቷ መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ባዶውን የተኛበትን ቦታ አየች። ቀጥላ እሱን አየችው።

«ሳቅ እግር አይቆርጥም» አለችው።