የወልደየስ አውራ ጣት

ድሮ ነው፤ ድሮም ገና ድሮ ሳይባል። ባቡሩ ቀርሰሌ ጣቢያ ውኃ ሊሞላ ሲቆም አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚያይበት ዘመን ነው። ጠጋ በሉ፤ አንቺም ሳቅሽን ተዪና ስሚ። የምነግራችሁን እናቴ በዓይኗ አይታዋለች፤ እናቴ ደግሞ ውሸት አያምርባትም ነበር።

በቀርሰሌ ወልደየስ የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ሳንቃ አድርጎ የሰው አቤቱታ ይጽፋል። ጫማው የተጣፈ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ሰው ነው። አንድ ደንብ ግን ነበረው። የጻፈውን ለባለጉዳዩ ያነባል። ባለጉዳዩን በአውራ ጣቱ ያስፈርማል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይነካም።

የሰው ብሶት ሲሰማ ኖሮ ኖሮ ቲያትር መጻፍ አማረው። ደንቡን ግን አልተወም። ታሪኩ የማን ነው? ወደዚያ ሰው ቤት ይሄዳል። ያነባል። በጣት ያስፈርማል። ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል።

መጀመሪያ የጻፈው የጉድጓድ ቆፋሪውን የድንቁን ታሪክ ነው። በውኃ ጥሙ ዓመት ድንቁ በገመድ ታስሮ ጉድጓድ ወረደ። ከላይ ገመዱን የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ገመዱ ተበጠሰ ተባለ። አፈሩ ተናደበት፤ ሬሳው እንኳ አልወጣም። ወልደየስ ይህን ለሚስቱ ለወይዘሮ የሺመቤት አነበበ። በጣት አስፈረመ። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ቲያትሩ በጠራራ ፀሐይ በባቡሩ መጋዘን ታየ። ድንቁን ሆኖ የሚጫወተው የጣቢያው ጥበቃ ነው፤ ቀልደኛ ሰው ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ማሳል ጀመረ። ከአፉ አፈር ወጣ። ከዚያ በሌላ ሰው ድምፅ፣ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገረ።

«ገመዱ አልተበጠሰም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የባሌ ድምፅ ነው» አሉ። «ወልደየስ፣ ማን እንደለቀቀው ጻፍልኝ። ይህን ሳላውቅ አልሙት።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ እትዬ፤ ዳኛ አይደለሁም» አለ።

ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ከሴትየዋ አሻራ አጠገብ ሌላ አሻራ ነበር። በቀለም አይደለም፤ በእርጥብ አፈር ነው።

ዝናው በባቡር ተሳፍሮ ከተማ ደረሰ። ፊልም ሠሪዎች መጡ። «ለፊልም እንዲሆን አድርገህ ጻፍልን፤ ገመዱ ግን ይበጠስ። መጨረሻ ላይ መበለቷ ሌላ ባል ታግባ፣ ሰውም ደስ ብሎት ይውጣ» አሉት። ወልደየስ ጻፈ። ለማንም አላነበበም። ማንንም አላስፈረመም። ወረቀቱን አጥፎ ሰጣቸው። ምን ነካው አትበሉኝ፤ ቆዩ።

ፊልሙ አልቆ መጣ። የመጋዘኑ መስኮት ተደፍኖ፣ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎ ታየ። ገመዱ ይበጠሳል ሲባል አልተበጠሰም። አንሶላው ላይ ሁለት እጆች ብቻ ወጡ። ገመዱን ይዘዋል። ጣቶቹ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ፊልም ሠሪው «ይህን እኔ አላነሣሁም!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ የጎረቤቱን እጅ ማየት ጀመረ። ገመድ ከያዙት ሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። አልነገርኳችሁም እንዴ? ሦስተኛው ወልደየስ ነበር።

ፊልም ሠሪዎቹ በማግስቱ ባቡር ተሳፈሩ። ወልደየስ ግን የት ይሂድ? የሚጽፍበት ወረቀት ሁሉ አፈር አፈር ይሸተው ጀመር። በመጨረሻ ቤቱን ሸጠ። ካሜራ ከነአንሺው ተከራየ። የራሱን ፊልም ራሱ ሊሠራ ቆረጠ። አስቀድሞ ግን ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ሄደ። ቆሞ አነበበ።

«አፈሩ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ሸሹ። እኔ ብቻዬን ያዝኩት። ክብደቱ ወደ አፋፉ ጎተተኝ። ፈራሁ። ለቀቅኩት። ከዚያ አፋፉ ላይ የቀረውን የገመድ ጫፍ በቢላዋ ቆርጬ፣ ተበጠሰ አልኩ።»

ቀለሙን ሲያቀርብላቸው ሴትየዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይህ የእኔ ታሪክ አይደለም፤ ያንተ ነው» አሉት። «ጣትህን አሳየኝ።» ወልደየስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ነከረ። ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ካሜራውን በማለዳ አሮጌው ጉድጓድ አፍ ላይ ተከሉት። ድንቁን ሆኖ የሚጫወት ሰው ጠፋ። ስለዚህ ወልደየስ ባዶ ገመድ ወደ ታች ሰደደ። ገመዱ ከበደ። ከታች ማንም የለም፤ ገመዱ ግን እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ወልደየስን ወደ አፋፉ ጎተተው። መዳፉ ተላጠ፤ ደሙ በገመዱ ላይ ወረደ። አልለቀቀም። ካሜራ አንሺው «ልቀቀው!» እያለ አለቀሰ። አልለቀቀም። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ያዘ። ያኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ። ገመዱም ቀለለ።

ፊልሙ በቀርሰሌ ለሁሉም ታየ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ቲያትር ሲከፈት፣ ፊልምም ሲታይ፣ ደራሲው አስቀድሞ ወደ ፊት ይወጣል። ቀለም የነካ አውራ ጣቱን ለሕዝቡ ያሳያል። የሰው ገመና የሚያወራውንም «ጣትህን አሳይና አውራ» እንለዋለን።

ወይዘሮ የሺመቤት ይቅር አሉት ወይ? አላሉትም። መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ማመልከቻ ማስጻፍ ሲኖርባቸው ግን፣ አጥሩ ሥር ስንት ጸሐፊ ተደርድሮ እያለ፣ ሁሉንም አልፈው እሱ ፊት ይቀመጡ ነበር።