አራስ ቤት የገባው ምድጃ

ልጆቼ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ከኋላ የቆማችሁም ተቀመጡ፤ አጭር ናት፣ አላቆያችሁም።

አንዲት እናት ነበረች፣ ደብረ ብርሃን። ልጇ ወልዳለች። የዚያን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ። አማቿ ለሥራ መንገድ ከመውጣቱ በፊት፣ ሚስቱና ሕፃኑ እንዳይበርዳቸው ብሎ አዲስ ምድጃ አስገጠመ። በባቄላ ፍሬ መጠን ተጠቅጥቆ የተሠራ የእንጨት ብናኝ የሚያነድ፣ ጭሱን በቱቦ አድርጎ በግድግዳው ቀዳዳ የሚያስወጣ ምድጃ ነው።

የገጠመው ባለሙያ፣ ሞላልኝ የሚሉት፣ ሲሄድ አስጠነቀቀ። "እማማ፣ አዲስ ስለሆነ ቀለሙ ይሸታል። ዛሬ መስኮቱን ከፍታችሁ አንድዱት፤ ነገ ይጠፋል። ነገ ካልጠፋ ጥሩኝ።"

እናትየው ሳቀች። "አንተ ሰው፣ አራስ ቤት መስኮት ይከፈታል? ንፋስ ይምታት?"

እሱ ሲወጣ መስኮቱን ዘጋች። በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፈች። በቱቦው ዙሪያ ሽው የሚል ንፋስ ቢሰማት፣ እዚያም አሮጌ ነጠላ እየገፋች ጠቀጠቀች። ክፋት ነበረባት? አልነበረባትም። ፍቅር ነው እንጂ!

ሽታው በማግስቱ አልጠፋም። በሦስተኛውም ቀን አልጠፋ። ልጅቷ "እማ፣ ራሴን ፈለጠኝ" አለች።

"የአራስ ድካም ነው፤ አጥሚትሽን ጠጪ።"

ሕፃኑ ጡት ሲሰጡት ያንቀላፋል፤ አያለቅስም። "ጨዋ ልጅ!" አለች አያቱ። ጨዋ ልጅ!

በአራተኛው ቀን ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ልትል መጥታ፣ ደጃፉ ላይ አፍንጫዋን ያዘች።

"ምነው፣ ቤቱን ጋራዥ አደረጋችሁት?"

"አዲስ ዕቃ ነው፤ ሲቆይ ይለቃል።"

"በአራት ቀኑ? ሙሽራ እንኳ በአራት ቀን ይለመዳል! ደግሞ ይሄ ቀለም አይደለም፣ ጭስ ነው። ልጅሽ አመድ መስላለች እኮ!"

"እኔ ምንም አይሸተኝም።"

"አንቺማ ውስጡ ነሻ!"

ደብሪቱ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። መስኮቱን በረገደችው፤ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ አራሷን ደግፋ ይዛቸው ወጣች። ጎረቤቶች ተረባርበው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተረፉ።

ሞላልኝ ተጠርቶ መጣ። ነጠላውን ከቀዳዳው ሲስበው፣ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ተላቆ አገኘው። ጭሱ አራት ቀን ሙሉ ወደ ቤት ሲገባ ኖሯል። ያላቀቀው ማነው? ንፋስ እንዳይገባ የጠቀጠቀችው እጅ!

"እኔው ነኝ?" አለች እናትየው።

እናንተስ፣ ልጆቼ? ልጃችሁ ፊቱ ሲጠቁር "ዕድሜው ነው" ብላችሁ አላለፋችሁም? ባልና ሚስት በአንድ ማዕድ ሳይነጋገሩ ሲበሉ "ገና ስላልተላመድን ነው" አላላችሁም? እውነት ነው፣ የሚለቅ ሽታ አለ። አዲስ ጎጆም፣ አዲስ ሥራም መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀን ስጡት። ቀኑ ካለፈስ? ያን ጊዜ "ታገስኩ" አትበሉ። ለምዳችሁታል።

የለመደ አፍንጫ ምስክር አይሆንም። ለዚህ ነው እግዚአብሔር ከውጭ ሰው የሚልክልን። ንግግሩ ይጎረብጣል፣ ቀልዱ ያናድዳል። ያቺ እናትም እኮ ደብሪቱን ተቀይማት ነበር።

ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ "ይሸታል" ያላችሁ ሰው ይኖራል። ተቀይማችሁት ይሆናል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ እሱ ጋ ጎራ በሉና "ምን ነበር የሸተተህ?" ብላችሁ ጠይቁት። አደራ ልጆቼ፣ ይህችን አትርሱብኝ።