ያልበሰበሰው

ትርፌ የምትባል ምላሰኛ ገበሬ የበቆሎ አገዳና እበት መንገድ ዳር ከምራ ኮምፖስት ታዘጋጅ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪ ግን ሽታው እንግዶቼን ያሸሽብኛል ብለው ክምሩን ሊያስነሱባት ፈለጉ። በዚያው ሰሞን ኮምፖስት በስብሶ መድረስ አለመድረሱን ከፎቶ የሚለይ ካሜራ የሠራ ተመራማሪ ወደ ቀበሌው መጣ።

አስተዳዳሪውም ሕዝቡን ሰብስበው፣ "ካሜራው አልበሰበሰም ካለ ክምሩ ዛሬውኑ ይነሳል!" ሲሉ ፈረዱ።

ፎቶው ሲነሳ ታዲያ እሳቸውም ክራቫታቸውን አስተካክለው ክምሩ ፊት ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ "ገና አልበሰበሰም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

አስተዳዳሪው ፊታቸው ተለዋወጠና ወደ ትርፌ ዞሩ። "እስቲ ተናገሪ! ይሄ ስለ ማን ነው? ስለ ክምርሽ ነው ወይስ ስለ እኔ?"

ስለ ክምሩ ነው ብትል ክምሩ ሊነሳባት ነው፤ ስለ እሳቸው ነው ብትል ስድብ ሊሆንባት ነው።

ትርፌ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። "ስለ እርስዎ ነው እንጂ፣ ክቡርነትዎ! ይህን ሁሉ ዓመት ሥልጣን ላይ ተቀምጠው አለመበስበስዎን በሕዝብ ፊት መሰከረልዎ። የለም፣ ስለ እኔ አይደለም ካሉ ግን ክምሩን አሁኑኑ አነሳለሁ።"

አስተዳዳሪው ሕዝቡን አዩ፣ ክምሩን አዩ፣ ጉሮሯቸውንም ጠራረጉ።

"ስለ እኔ ነው" አሉ።