በሐጂ ቡሽራ ጉንጭ ላይ የታየው ጭረት

ድብቁንም ግልጹንም ለሚያውቀው ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ በአንዲት የቆየች ከተማ ውስጥ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ከተማይቱ ከግመል መንገድ ዳር የተቆረቆረች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተሠሩና እጅግ የተጠጋጉ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ሳል የሚሰማባት ነበረች። የሐጂ ቡሽራ ሱቅ ከጁምዓ መስጊዱ ግንብ ሥር ነበር። ሥራቸው መላጨት ነው። አብዛኛው የከተማው ወንድ ራሱን የሚላጨው፣ ጺሙን ያሳደገውም ጉንጩንና አንገቱን የሚያስጸዳው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ምላጫቸው እጀታው ከቀንድ የተሠራ ታጣፊ ምላጭ ነው። ቢስሚላህ ሳይሉ አይከፍቱትም። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን የሰጠ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ይባል ነበር። እንዲህ የታመኑት ግን እጃቸው ስለማይስት አልነበረም። እጃቸው ይስታል፤ ሲስት ይናገራሉ። ከጆሮ ኋላ፣ ደንበኛው በመስታወት እንኳ ሊያየው በማይችልበት ቦታ፣ ትንሽ ጭረት ቢያወጡ ምላጩን ያስቀምጡና፣ «እዚህ ጋ ቆርጬሃለሁ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይላሉ። ከዚያ ደም የሚያቆመውን ሸብ አርሰው ያሹለታል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ፣ «ሐጂ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ እኮ አላውቅም ነበር» ቢላቸው፣ «እኔ አውቅ ነበር» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጀውሃር የሚባል ወጣት ነጋዴ ከወደብ ከተማ አዲስ ዕቃ ይዞ ገባ። የመላጫ ማሽን ነው። ከነሐስ የተሠራ አጭር እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ እንደ ክዳን የሚጠብቅ ራስ፣ በራሱ ውስጥ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በሁለት በኩል የተሳለ ምላጭ አለ። ስለቱ ከክዳኑ ሥር በጥቂቱ ብቻ ብቅ ስለሚል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱን በራሱ ይላጭበታል ተባለ። ወጣቶቹ ተሻምተው ገዙት።

በሚቀጥለው ጁምዓ መስጊዱ በር ላይ የታየው ግን ጉድ ነበር። የአንዱ አገጭ ተሸንትሯል። ሰልማን የሚባለው ሸማኔ ደግሞ ጉንጩ ላይ ጥጥ ለጥፎ መጣ።

«ሰልማን፣ ምነው? ቤትህ ድመት አስገባህ እንዴ?» አለው አንዱ ጫማውን እያወለቀ።

«ድመት ብትሆን ኖሮ አንዴ ቧጭራ ትተወኝ ነበር» አለ ሰልማን። «ይሄኛው ግን በሄደበት ይመለሳል።»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ ቡሽራም ሳቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቁስሉን ተመለከቱ። ዓይናቸው ጭረት ሲያይ እንዴት እንደመጣ ያውቃል። ሰልማን በደረቁ ተላጭቷል፤ ቆዳው ቀልቷል። ፀጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ፣ ከታች ወደ ላይ ጎትቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጭኗል፤ አጥንት ባለበት ቦታ ሁሉ ጭረቱ ጠልቋል። ጥፋቱ የዕቃው አልመሰላቸውም። ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። «ማንም አልጠየቀኝም» አሉ በልባቸው።

ይህች ቃል ቀኑን ሙሉ አብራቸው ዋለች። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ከነልጆቿ የምትበላው ከዚያች ሱቅ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ መላጨት ከጀመረ ማን ወንበራቸው ላይ ይቀመጣል? መዋሸት ሐራም ነው፤ ዝም ማለትስ? ዝም ያለ ሰው ምን ተናገረ ይባላል? ነፍስያ እንዲህ ለስለስ ያለ ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱን አስቀድማ አዘጋጅታ ነው።

በሳምንቱ መሐል ማሽኑ የቆረጠው የአንድ ወጣት አንገት አመረቀዘ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ መስጊዱ ኢማም ወደ ሸኽ ሙባረክ ሄደው፣ ይህ ዕቃ እንዳይሸጥ ይከልከልልን አሉ። ሸኽ ሙባረክ፣ «በማላውቀው ነገር አልፈርድም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ቡሽራን በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት እንጠይቃቸው። እሳቸው ያሉት ይሆናል» ብለው መለሱ።

ወሬው እንደተሰማ ሌሎቹ የከተማው ላጪዎች አወልን ወደ ሐጂ ቡሽራ ላኩ። አወል ሙያውን የተማረው ከሐጂ ቡሽራ ነው። ዛሬ ከገበያው ማዶ የራሱ ሱቅ አለው፤ እሳቸውን ግን አሁንም «አባቴ» ነው የሚላቸው።

«አባቴ፣ ይዋሹ አላልንም» አለ እጃቸውን ስሞ። «አስተግፊሩላህ! እርስዎን ማን ውሸት ያስተምራል? ኢማሙ ሲጠይቁዎት ‹አላውቀውም› ይበሉ። በቃ። ነክተውት እንኳ አያውቁም።»

«እውነት ነው፤ አልነካሁትም።»

«እኮ! ሐቅ ነው። ዕቃው በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ ሰዉም ወደየወንበሩ ይመለሳል።»

ሐጂ ቡሽራ ወደ ሥራቸው ዞሩ። አወል የተስማሙ መሰለውና ደስ ብሎት ወጣ።

በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጀውሃር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከበሩ አላለፈም።

«ሐጂ፣ ለእርስዎ ክፉ ነገር ይዤ እንደመጣሁ አውቃለሁ። እንዲመሰክሩልኝም አልመጣሁም» አለ። «ዕቃው መጥፎ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ወላሂ ሁሉንም ገደል እከተዋለሁ። በሰው ደም የሚገኝ ሪዝቅ አልፈልግም። ደህና ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሚቆርጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔንም አልማረኝም።» ኮሌታውን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው።

«እዚህ ተወው» አሉት።

ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ቡሽራ እያዩት ይወጣሉ፤ እያዩት ይገባሉ። ካልነኩት «አላውቀውም» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ይቆይላቸዋል። ከነኩት ያከትምለታል። ሐሙስ ጧት ከፈጅር ሶላት ሲመለሱ ግን፣ ላለማወቅ ብሎ እጅን መሰብሰብ ከበዳቸው። ማሽኑን ወደ ቤት ይዘው ገቡ።

ጉንጫቸውን በሞቀ ውሃ አራሱ። ሳሙናውን በብሩሽ መትተው አረፋው ሲወፍር ቀቡት። ቢስሚላህ አሉ፤ በለመዱት እጅ ቆዳቸውን ወጥረው ማሽኑን አንድ ጊዜ ሳቡት። ቆረጣቸው።

ባለቤታቸው ሩቅያ ፎጣና ሸብ ይዘው ሲገቡ ደሙ ወደ ጺማቸው ይወርድ ነበር።

«አንቱ ሰው! ዕድሜ ልክዎን የሰው አንገት ይዘው ኖረው፣ አሁን የራስዎን ጉንጭ ያርዳሉ?»

«ልጅ ሆኛለሁ፣ ሩቅያ። ገና መማሬ ነው።»

«ልጅ ከሆኑማ ስለት አይያዙ!»

ሐጂ ቡሽራ እየሳቁ ሸቡን ተቀበሏቸው። ደሙ ሲቆም ቁጭ ብለው አሰቡ። ታጣፊው ምላጭ ቀላል ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከእጅ ነው። እጃቸውም ይህን ጉልበት መስጠት ለምዶ ሳያስቡት ይሰጣል። ይህኛው ግን ከነሐስ ስለተሠራ ራሱ ይከብዳል፤ እጅ ሲጨመርበት ይነክሳል። እንደገና ሳሙና ቀቡ፤ አሁን በሌላኛው ጉንጭ። እጀታውን በጣታቸው ጫፍ ብቻ ያዙት። ራሱን ጉንጫቸው ላይ አሳረፉና ስለቱ ቆዳውን እስኪያገኝ ድረስ እጀታውን ቀስ ብለው ዘንበል አደረጉት። ከዚያ ሳይጫኑ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ አጠር አጠር እያደረጉ አወረዱት። ፀጉሩ ሲቆረጥ ኮሽታው ይሰማል። ስለቱን በውሃ አለቅልቀው ደገሙት። ያ ጉንጭ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ወጣ።

አሁን አወቁ። ማወቃቸውም ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ የልጃቸው ልጆች ትዝ አሏቸውና ደስታው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ መስጊዱ ግቢ ገና እግራቸው እንደገባ አወል አገኛቸው። ጭረቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ሱብሃነላህ! እርስዎንም?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ እንግዲህ አፍዎን መክፈትም አያስፈልግዎት። ጉንጭዎ ይበቃል።»

ሐጂ ቡሽራ ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። አወል እውነቱን ነው፤ ይበቃ ነበር። በኩታቸው ጫፍ ሊሸፍኑት ቃጡና ተዉት። ገልጠውት ገቡ።

ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሳይበተን ሸኽ ሙባረክ ተነሥተው ሐጂ ቡሽራን ወደ ፊት ጠሯቸው። ጀመዓው ጉንጫቸውን ሲያይ ሹክሹክታ ተነሣ። ጀውሃር ከኋላ፣ ምሰሶ ሥር፣ አንገቱን ደፋ።

«ሐጂ፣ ልንጠይቅዎት ነበር» አሉ ኢማሙ። «መልሱን ግን ፊትዎ ላይ ያየነው መሰለኝ። እርስዎን የቆረጠ ዕቃ ማንን ይምራል?»

ሰዉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሐጂ ቡሽራ ዝም አሉ። ምንም መናገር አይጠበቅባቸውም። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ቢቀመጡ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሱቋም እንደነበረች ትኖራለች፤ አንዲት የውሸት ቃልም ከአፋቸው አልወጣችም። ዝምታው ረዘመ። ትንሽ ቢቆይ ፍርድ ይሆን ነበር።

«ይህ ጭረት ይዋሻል» አሉ።

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«የቆረጠኝ እጄ ነው፤ ዕቃው አልበደለም። አያያዙን አላውቅም ነበር፤ ተጫንኩት። ይኸኛውን ጉንጬን ይዩት። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ጧት የተላጨሁት ነው።»

ኢማሙ ቀርበው አዩ። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ታዲያ ይማሉልና!» አለ።

«አልምልም» አሉ ሐጂ ቡሽራ። «ሰልማን የት አለ?»

«እኔ?» ሰልማን ከሰው መሐል ብድግ አለ። «ሐጂ፣ ከፊቴ የተረፈው ትንሽ ነው፤ እሱን እንኳ ይተዉልኝ!»

መስጊድ ውስጥ መሆኑን ረስቶ የሳቀ ብዙ ነበር። ኢማሙም ከንፈራቸውን ነክሰው ነው ያለፉት።

ግቢው ውስጥ፣ ውዱእ የሚደረግበት ውሃ አጠገብ ሰልማንን አስቀመጡት። ሐጂ ቡሽራ አልላጩትም። ሳሙናና ብሩሽ ከሱቃቸው አስመጡና፣ ይዘውት የመጡትን ማሽን እጁ ላይ አኖሩለት።

«መጀመሪያ ውሃ። ደጋግመህ አርሰው፤ ፀጉሩ ይጠጣ።»

«ጠጣ፣ ሐጂ።»

«አልጠጣም። ቸኩለህ ነው።»

እንደገና አራሰ። ሳሙናውን በብሩሽ ቀባ።

«አሁን በጣትህ ጫፍ ያዘው። ዘንበል አድርገው። ከላይ ወደ ታች። አትጫን።»

«ካልተጫንኩት በምን ይቆርጣል?»

«እሱ ያውቃል። አትጫን አልኩህ እኮ፣ ሰልማን! ሸማ አይደለም የምትመታው!»

ሰዉ ተንጠራርቶ ያያል። ማሽኑ አረፋውን እየገፈፈ ባለፈበት ሁሉ ንጹሕ ቆዳ ወጣ። ደም አልታየም። ሰልማን መዳፉን ጉንጩ ላይ አሳለፈ፤ አላመነም መሰለኝ፣ ደግሞ አሳለፈ።

«ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ።

ሸኽ ሙባረክ ወደ ጀውሃር ዞሩ። «ሽጥ» አሉት። «ግን ሳታስተምር አትሽጥ።» ጀውሃር የሐጂ ቡሽራን እጅ ሊስም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ነጠቁት።

ከዐስር ሶላት በኋላ አወል ወደ ሱቃቸው መጣ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

«አባቴ፣ እንጀራችንን በጀመዓ ፊት በተኑት።»

«አውቃለሁ። የእኔም አብሮ ነው።»

«ዝም ቢሉ ማን ውሸታም ይልዎት ነበር?»

«ማንም።»

«ዝም ይበሉ ብንልዎ እንቢ አሉ። ይማሉ ቢሉዎትም እንቢ አሉ። ምን ፈልገው ነው?»

ሐጂ ቡሽራ ታጣፊ ምላጫቸውን በቆዳ ላይ ይስሉ ነበር። አቆሙ።

«ሐቅ የራሱ ክብደት አለው፣ ልጄ» አሉት። «እጅህን ከላዩ አንሣለት።»

ይህን ቃል ሲሉ ምን እንዳሰቡ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል። ምናልባት የማሽኑ ነገር ገና ከአእምሯቸው አልወጣም ይሆናል። ግን ነገሩን ደግመው ላሰቡት ሰፋ ያለ ትርጉም ያለው ይመስላል። አብዛኞቻችን ውሸትን የምላስ ሥራ ብቻ አድርገን እንቆጥራለን፤ ምላሳችንን ከጠበቅን አማናችንን፣ የተጣለብንን አደራ፣ የጠበቅን ይመስለናል። የሐጂ ቡሽራ ምላስ ግን ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር። ሊዋሽ የነበረው ጉንጫቸው ነው። ሰው ያየውን ይዞ ወደ ስሕተት ሲሄድ እያየን፣ ስሕተቱም እኛን ሲጠቅመን፣ ዝምታችን እጅ ይሆናል፤ ሐቁን ወደ ታች ይጫነዋል። መሐላውን እንቢ ያሉትም ከዚሁ የተነሣ ይመስላል፤ በዚያኛውም በኩል ቢሆን መጫን መጫን ነው።

ሱቃቸው ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘች። ይህን መሸፈን ታሪካቸውን አይመጥንም። የቀሩላቸው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎችና በዐቂቃቸው፣ ስም በሚወጣላቸው ቀን፣ የሚላጩ ሕፃናት ነበሩ፤ የራሱን ማጅራት በራሱ መላጨት ያቃተውም አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ቤታቸው አልጠገበም፤ አልተራበምም። አወል ለረጅም ጊዜ አኮረፈ። ረመዳን ሊገባ ሲል ግን አንድ ቀን ሳይናገር መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ቡሽራም ሳይጠይቁት ቢስሚላህ ብለው ምላጩን ከፈቱ። አንገቱን ሰጣቸው፤ ጥቂት ሳይቆይም እንቅልፍ ወሰደው።